ዕዳው የቤተሰቡ ነው፤ ጥፋቱ ግን የማን ነው?



ገዥው ፓርቲ ስለ ኢኮኖሚው በተናገረ ቁጥር የሚቆጥርልን የተመረቀ ፓርክ፣ የተዘረጋ አስፋልትና የተተከለ ችግኝ ነው። በየወሩ መጨረሻ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ በወጣት ባልና ሚስት ቤት ስለሚካሄደው ስብሰባ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ያ ስብሰባ ሊቀ መንበርም ቃለ ጉባኤም የለውም። አጀንዳው ግን ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ፣ ከአዳማ እስከ ጎንደር አንድ ዓይነት ነው፦ የቤት ኪራዩ ይቅደም ወይስ ዕቁቡ? ከሰፈር ሱቅ በዱቤ የተወሰደው ዘይትና ፓስታ ይከፈል ወይስ የትልቁ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ? ከታላቅ ወንድም የተበደርነው አንድ ወር ይታገሰን ይሆን? የሕፃኑ ወተትስ?

ይህ የማኒፌስቷችን ክፍል ስለዚያ ስብሰባ ነው።

ባለሥልጣናቱ ይህ ጉዳይ ሲነሳባቸው የሚሰጡት መልስ የታወቀ ነው። ሕዝቡ የቁጠባ ባህል የለውም፤ ድግስ አበዛ፤ ከአቅሙ በላይ ኖረ ይሉናል። ፓርቲያችን ይህን ክስ አይቀበለውም። ዕቁብና ዕድር መንግሥት ያላዘዛቸው፣ ካድሬ ያልሰበሰባቸው፣ ሕዝቡ ዳኛና ጸሐፊ መርጦ፣ ዋስ ጠርቶ በገዛ እጁ ያቆማቸው ተቋማት ናቸው። ከጎደለው ደመወዙ ላይ ዕቁብ የሚጥልን ሰው ቁጠባ አያውቅም ማለት ድፍረት ነው። እርግጥ ነው፣ ለሠርግ ተበድሮ ልጁ ድክ ድክ እስኪል ድረስ ሲከፍል የሚኖር ሰው አለ። እሱን መምከር የሽማግሌና የንስሐ አባት ሥራ ነው፤ የአገርን የኑሮ ውድነት ማሳበቢያ ግን ሊሆን አይችልም።

ስለ ቁጠባ የሚሰብከው መንግሥት ራሱ ለቆጣቢው ምን አደረገለት? በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበውን ለጊዜው እንተወውና በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 የተመዘገበውን እናንሳ። እነዚህ ወገኖቻችን ቆጥቡ ተባሉ፤ ቆጠቡ። ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው በየወሩ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወሰዱ። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። ከወላጆቹ ወገን ግን ብዙው ዛሬም በሰው ቤት ነው፤ በሚቆጥብበት ወር ኪራይም ይከፍላል። ስሙ 40/60 የተባለው ቤት በ2009 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዕጣ ሲወጣ ዕድሉ የተሰጠው አርባውን ለቆጠቡት ሳይሆን ሙሉ ዋጋውን ላስገቡት ነበር። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ ለሚበልጡ ቤቶች የወጣው ዕጣ ደግሞ መረጃው ተነካክቶ በመገኘቱ ተሰረዘና በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ዕጣው የደረሰው ዕድለኛም ቢሆን በምዝገባው ጊዜ ከሰማው በላይ ዋጋ ተጠይቆ፣ ወለሉና በሩ ያላለቀ ቤት ተረክቦ፣ ለማጠናቀቂያው ሌላ ብድር ውስጥ ገባ።

ቆጣቢው በመጠበቅ ብቻ አልተጎዳም። ብሔራዊ ባንክ የቁጠባ ወለድ መነሻን በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገና ለዓመታት እዚያው ላይ አቆመው። በ2014 ዓ.ም. ግን ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሒሳቡን የሰፈር ባለሱቅ ይሠራዋል። በዓመቱ መጀመሪያ 1,000 ብር ያስቀመጠች እናት በዓመቱ መጨረሻ 1,070 ብር አገኘች፤ በዚያው 1,000 ብር ትገዛው የነበረው ዕቃ ግን 1,300 ብር ገባ። 230 ብሩ የት ሄደ? ማንም ሌባ ቤቷ አልገባም። ለመንግሥትና ለመንግሥት የልማት ድርጅቶች በርካሽ ወለድ የሚበደረው ገንዘብ ከእንዲህ ዓይነቷ እናት ደብተር የተወሰደ ነው። እንግዲህ ይህች እናት በሚቀጥለው ዓመት ብትበደር ማን ይፈርድባታል?

ወደ ደመወዝተኛው እንምጣ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ ተመርቆ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር መሆኑ ተነግሯል። ጭማሪውን አንቃወምም፤ ዘግይቶ የመጣ መብት ነው። ነገር ግን ከዚህ ላይ 2,100 ብር የሥራ ግብር፣ 805 ብር ደግሞ የጡረታ መዋጮ ይነሳል። ለኪራይ፣ ለቀለብ፣ ለትራንስፖርት፣ ለሕክምናና ለዕዳ የሚቀረው 8,595 ብር ነው። በከተማው ዳር አንድ ክፍል ቤት የተከራየ ሰው ቀሪውን ሒሳብ ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ2008 ዓ.ም. እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ 600 ብር ላይ ተቸንክሮ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጤፍ ዋጋ ሲወጣ፣ ደመወዝ በስም ከፍ ሲል፣ የግብር እርከኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ኑሮው ያልተሻሻለ ሰው እንደ ሀብታም ተቆጥሮ ወደ ላይኛው እርከን ተገፋ። በ2017 ዓ.ም. መነሻው 2,000 ብር ሲሆን እንደ ትልቅ ስጦታ ተነገረን። 11,500 ብር ለሚከፈለው ሠራተኛ ግብሩ ከ2,525 ወደ 2,100 ብር ወረደለት፤ እፎይታው በወር 425 ብር መሆኑ ነው። በዚህ ላይ የሥራ ግብር ሕጋችን ልጅ የሚባል ፍጡር መኖሩን አያውቅም። ላጤውም፣ አራት ልጅ ያለውም፣ እኩል ደመወዝ ካላቸው እኩል ይቆረጥባቸዋል።

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ወራት ሳይቆጠሩ ከ100 ብር በላይ ሆነ። መንግሥት ይህን “ማሻሻያ” ይለዋል። የዱቄት ወተት፣ ዳይፐርና የሕፃን መድኃኒት የሚገዛ አባት ምን ብሎ እንደሚጠራው ብንጽፍ ግን ይህ ጽሑፍ ለንባብ አይበቃም።

ደመወዙ አሥራ አምስት ቀን ሳይሞላው ሲያልቅ ቤተሰቡ ወዴት ይሄዳል? መጀመሪያ ወደ ባለሱቁ ደብተር። ደብተሩ ሲሞላ ወደ ዘመድ። ዘመድ ሲሰለች ወደ አራጣ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግለሰቦች መካከል ከ12 በመቶ በላይ ዓመታዊ ወለድ እንዳይታሰብ ይከለክላል፤ የወንጀል ሕጉም አራጣን ይቀጣል። ሆኖም የመታወቂያ፣ የካርታና የፊርማ ወረቀት አስይዞ በወር አሥር ከመቶ የሚበደር ሰው የሌለበት ከተማ የትኛው ነው? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በስልክ የሚገኝ ብድር ተጨምሯል። ፓርቲያችን ቴክኖሎጂን አይጠላም፤ ዋስ የሌለው ድሃ ሌሊት ልጁ ቢታመምበት ጥቂት ብር ማግኘቱም መልካም ነው። ችግሩ ወለድ በሚል ስም ሳይሆን “የአገልግሎት ክፍያ” በሚል ስም የሚመጣው ዋጋ ነው። በ100 ብር ላይ በወር 8 ብር ቢባል ትንሽ ይመስላል፤ በየወሩ እየከፈለ መልሶ ለሚበደር ሰው ግን በዓመት 96 ብር ነው። ተበዳሪው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ይህን ቁጥር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሚያነበው ቋንቋ ሁሉ ማየት መብቱ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ሕፃን ይወለዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ይሰጣል፤ ለአባት ሦስት ቀን። ከዚያስ? ጥቂት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ ከፍተዋል። የፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ የሱቅ ሻጯ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ጡት የሚጠባ ልጅ ለጎረቤት ትታ ትመለሳለች፤ ወይም ሥራውን ትተዋለች። ሥራውን ስትተው የቤቱ ገቢ በግማሽ ይወርዳል፤ ዕዳው ግን ባለበት ይቆያል። ያው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ብሎ ነበር። ዓመታት አልፈው 2017 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ እንኳ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም።

ከዚህ የባሰም አለ። ዕዳ የበዛባት እናት ልጇን ለአያት ሰጥታ ወደ ዐረብ አገር ትሄዳለች። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ የሚውለው ለደላላውና ለጉዞው የተበደረችውን ለመመለስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የቤቱ ዕዳ ተራ የሚደርሰው። ልጁ በስልክ ድምፅ እናቱን እየለየ ያድጋል። መንግሥት የላከችውን ዶላር ይቆጥራል እንጂ የሄደችበትን ምክንያት አይቆጥርም።

አርሶ አደሩን አልረሳነውም። ማዳበሪያ በክረምት መግቢያ በብድር ይወስዳል፤ ዕዳው የሚጠየቀው እህል ከአውድማ በተነሳበት ሰሞን፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ገበያ ወጥቶ ዋጋ በሚወድቅበት ወቅት ነው። በርካሽ የሸጠውን እህል በሐምሌ በውድ መልሶ ይሸምታል። የመክፈያው ጊዜ በሦስትና በአራት ወር ቢገፋለት ብቻ የብዙ ቤት ዕዳ በቀለለ ነበር። ይህን ለማድረግ የውጭ ብድር አያስፈልግም፤ ሰው መስማት ነው የሚያስፈልገው።

ታዲያ ፓርቲያችን ምን ይላል? ዕዳችሁን እንሰርዛለን አንልም። ከባንክና ከቁጠባ ማኅበር የተበደራችሁት ገንዘብ ሌላ ቆጣቢ ቤተሰብ ያስቀመጠው ነው፤ እሱን ሰርዞ ጀግና መባል በሰው ገንዘብ መፈንጠዝ ነው። የኛ ሕዝብ ደግሞ ዕዳ ይዞ መሞትን ይፈራል፤ ለልጁ ዕዳ ማውረስን እንደ ነውር ያያል። መክፈል ይፈልጋል። የሚጎድለው የሚከፍልበት ነገር ነው፤ እኛም የምንታገለው ለዚያ ነው።

በሕዝብ ይሁንታ ሥልጣን ስንይዝ ከግብር ነፃ የሚሆነው ገቢና የግብር እርከኑ በየዓመቱ የስታቲስቲክስ አገልግሎት በሚያወጣው የዋጋ ጭማሪ ልክ በሕግ ከፍ እንዲል እናደርጋለን፤ የሚኒስትር ቸርነት አይጠበቅም። ዕድሜው ለትምህርት ያልደረሰ ልጅ ያለው ወላጅ ከግብሩ ተቀናሽ ይደረግለታል። ለቤት በቆጠቡት ላይ የሚታሰበው ወለድ ከዋጋ ግሽበት በታች እንዳይወርድ እናደርጋለን። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የአራጣ ዕዳን ወደ ሕጋዊ ብድር የሚያዞሩበት ካፒታል ይመደብላቸዋል፤ ተበዳሪውን የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ ከማንም በተሻለ ያስከፍላሉ። የደመወዝ ቦርዱም ሠራተኛው በእኩል ድምፅ ተወክሎበት ሥራውን ይጀምራል።

አንድ ጉዳይ ግን ጠበቅ አድርገን ማንሳት እንወዳለን። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ቤት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ባንክ ገንዘቡን ማስመለስ አለበት፤ ካልመለሰ ነገ አያበድርም። ነገር ግን ሕፃናት የሚኖሩበት፣ ቤተሰቡ ሌላ መጠለያ የሌለው ቤት ሲሆን ዳኛ አንድ ጊዜ ሊያየው ይገባል። አባት ሥራ አጥቶ ይሆናል፤ እናት ወልዳ ይሆናል፤ የስድስት ወር ጊዜ ቢሰጣቸው ይከፍሉ ይሆናል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የተቸገረ ነጋዴ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተደራድሮ እንዲያንሰራራ መንገድ አበጅቶለታል። ደመወዝተኛው፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ የታክሲ ሾፌሩስ ለምን ይህ መብት ይነፈጋቸዋል? ከዕዳ ሽምግልና ጋር የተያያዘ አጭር ሕግ አርቅቀን ለምክር ቤቱ ለማቅረብ ቃል እንገባለን።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚሉን፦ የምክር ቤት ቁጥጥር በማይደርስባቸው የቤተ መንግሥትና የመናፈሻ ግንባታዎች ላይ የሚፈሰውን ሀብት በጀት ውስጥ አስገብተን እናስቆጥራለን። ለሕፃን ወተት ገንዘብ ሲጠየቅ ካዝናው ባዶ የሚሆነው፣ ለፏፏቴ ሲሆን የሚሞላው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ሁላችንም እናያለን።

ዕጩዎቻችን ወደ ሰፈራችሁ ሲመጡ ስለ ሰላምና ስለ አንድነት ተናግረው እንዳያልፉ ያዟቸው። የቁጠባ ወለዱን፣ የግብር እርከኑን፣ የሐራጁን ነገር ጠይቋቸው፤ መልስ ከሌላቸው ድምፅ አትስጧቸው። የገዥው ፓርቲ ዕጩ ሲመጣም ያንኑ ጠይቁት። በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበው ቆጣቢ ቤቱን የሚረከበው በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ወር እንደሆነ በጽሑፍ ይስጣችሁ።