የማርሽ እጀታ የማን ዕዳ ነው?

ባለፈው ሳምንት በሚኒባስ ታክሲ ጋቢና ተቀምጬ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ፣ ሹፌሩ ማርሽ ሊቀንስ ሲል እጀታው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ዓይኑን ከመንገዱ አንስቶ መልሶ ሰካው። ውስጡ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። «ለምን አትቀይረውም?» አልኩት። «መኪናው የኔ አይደለም፣ ባለቤቱ ይቀይረው» አለኝ። ባለቤቱ ቢጠየቅ ደግሞ «የሰበረው ሹፌሩ ነው» እንደሚል አትጠራጠሩ።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ መቀነስ ማለት መኪናውን በሞተር መያዝ፣ ፍሬኑን ከመጋል ማዳን ነው። ስለዚህ እጀታው ጌጥ አይደለም።

መቀየሩም ከባድ አይደለም። አብዛኛው ወደ ግራ ተጠምዝዞ ይወጣል። ዋናው ነገር ጥርሱ መግጠሙ ነው፦ የብዙ ቶዮታዎች ዘንግ 12 ሚሊ ሜትር፣ የብዙ ሆንዳዎች ደግሞ 10 ነው። ሰፊውን በቀጭኑ ላይ በፕላስተር ማጥበቅ ጥገና አይባልም። አናቱ ላይ ያለው የማርሽ ምልክትም ከመኪናው ጋር ካልተስማማ አዲስ ሹፌር የኋላ ማርሹን ሲፈልግ ይሳሳታል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ያሉን አሮጌ መኪኖች ግን ገና ለዓመታት ይጭኑናል። ለቴፕና ለመብራት ጌጥ ገንዘብ የማያጣ ባለንብረት ለእጀታ ሊያጣ አይገባም። ሹፌሩም «የኔ አይደለም» ከማለቱ በፊት ያስብ፤ መኪናው የሰው ቢሆንም ነፍሱ የራሱ ናት። የእኛም ጭምር።