እግር የተማረው ቃል

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ላምበረት መናኸሪያ የደረሰ ሰው ከሁሉ በፊት የሚሰማው የረዳቶችን ድምፅ ነው። «ግቡ ግቡ!»፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ!»፣ «ወራጅ አለ!»፣ «ሳበው!»። አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ፣ ትናንት ከክፍለ ሀገር የገባ ወጣት እንኳ እነዚህን ቃላት ለመልመድ ሳምንት አይፈጅበትም። ደብተር ላይ ያጻፈው የለም። «ጠጋ በሉ» ሲባል ሌሎቹ ሲጠጉ አየ፣ እሱም ተጠጋ፣ አለቀ። ቃሉ በጆሮው ገብቶ በእግሩ ወጣ።

አሁን ደግሞ በዚሁ ሰፈር የሚኖር የአንድ ተማሪን የእንግሊዝኛ ደብተር እንግለጥ። በግራ በኩል ቃሉ፣ በቀኝ በኩል የአማርኛ ፍቺው፣ መካከል ላይ ረጅም መስመር። ልጁ ያጠናል፣ ይፈተናል፣ ምናልባትም አሥር ከአሥር ያመጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቃሉ የለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ የተማረ ልጅ «ጉልበትህን እጠፍ፣ ወደ ግራ ዙር» የምትል ቀላል ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው የጓደኛውን ፊት ማየት ነው።

ነገሩ የዋዛ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። የ12ኛ ክፍል ፈተናን ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የቋንቋ ነው ማለት አይቻልም። ግን ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሲመጣ፣ ጥያቄው ያልገባው ልጅ መልሱን ከየት ያመጣዋል?

መድኃኒቱ አንድ ብቻ አይደለም። አንዱ ግን ብዙ ሰው በማያስብበት ቦታ ተቀምጧል። የዳንስ ክፍል ውስጥ፣ በተለይም ባሌት ውስጥ።

«ባሌት የሀብታም ልጆች ጌጥ አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ሌላው ደግሞ የባሰ ጥያቄ ያነሳል፦ «የባሌት ቃላት ፈረንሳይኛ ናቸው፤ በፈረንሳይኛ እንዴት እንግሊዝኛ ይለመዳል?»

ከሁለተኛው እንጀምር። እውነት ነው፤ ባሌት ከጣሊያን ቤተ መንግሥቶች ተነስቶ ፈረንሳይ ውስጥ ሥርዓት ያዘ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1661 እ.ኤ.አ. የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ የእርምጃዎቹ ስም በዓለም ሁሉ ፈረንሳይኛ ሆኖ ቀረ። ለንደንም ይሁን ሞስኮ፣ ጉልበት ማጠፍ «ፕሊዬ» ነው። ነገር ግን «ፕሊዬ» ያለች መምህርት እዚያ ላይ አታቆምም። ወዲያው በምታስተምርበት ቋንቋ ትቀጥላለች። «ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ተረከዝ መሬት ላይ፤ ወገብ ቀጥ፤ ቀስ ብላችሁ፤ አሁን ተነሱ።» መምህርቷ ይህን በእንግሊዝኛ ስትናገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሰውነት ክፍል፣ ግስ፣ አቅጣጫና ፍጥነት በጆሮ ይገባሉ፤ ሁሉም ወዲያው በሰውነት ይመለሳሉ። ባሌት ውስጥ መሠረታዊ የሚባሉት እንቅስቃሴዎች 7 ናቸው፦ ማጠፍ፣ መዘርጋት፣ ከፍ ማለት፣ መዝለል፣ መወርወር፣ መንሸራተት፣ መዞር። ለጀማሪ የእንግሊዝኛ ተማሪ ከነዚህ የተሻለ የግስ ዝርዝር ማን ያወጣል?

ፈረንሳይኛነቱም ቢሆን ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ጥቅም አለው። እንግሊዝ በ1066 እ.ኤ.አ. በኖርማኖች ከተያዘች በኋላ እንግሊዝኛ ከፈረንሳይኛ እልፍ ቃላት ወስዷል። ስለዚህ የባሌት ስሞች ለእንግሊዝኛ ቃላት የሥጋ ዘመድ ናቸው። እግር የሚዘረጋበት «ታንዱ» ከ«ኤክስቴንሽን» ጋር አንድ ሥር አለው፤ የማታውን ትምህርትም የመብራቱን ገመድም ኤክስቴንሽን እንላለን፣ ሁለቱም መዘርጋት ናቸው። እግር የሚወረወርበት «ዠቴ» ከ«ጄት» እና ከ«ፕሮጀክት» ጋር ይዛመዳል። የታጠፈ እግር ቀስ እያለ የሚገለጥበት «ዴቭሎፔ» ደግሞ በየስብሰባው የምንሰማው «ዴቨሎፕመንት» ነው። «ባላንሴ»ን ለመገመት የሞባይል ሂሳቡን የሚያይ ሁሉ አይቸገርም። ይህን አንድ ጊዜ በእግሩ ያወቀ ልጅ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲያይ አይደነግጥም፤ ሥሩን ይፈልጋል።

በሰውነት ቋንቋ ማስተማር አዲስ ግኝትም አይደለም። ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ተማሪዎች ባዕድ ቋንቋን በትእዛዝና በእንቅስቃሴ እንዲማሩ የሚያደርግ ዘዴ አዳበረ። መነሻው ቀላል ነው። ሕፃን ልጅ ከመናገሩ በፊት ወራት ሙሉ «ና»፣ «ያዝ»፣ «ተቀመጥ» እየተባለ በሰውነቱ ይመልሳል፤ መናገር ኋላ ይመጣል። እኛ ግን ተማሪውን በመጀመሪያው ቀን አቁመን «ተናገር» እንለዋለን።

ከአሸርም በፊት የእኛው ቤት ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ልጅ የሳምንቱን ቀናት ከመጽሐፍ በፊት በአንድ እግሩ እየዘለለ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወት ይደጋግማቸዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አቋቋም የሚማረው ደቀ መዝሙር የግእዙን ቃል ከመቋሚያው፣ ከጸናጽሉና ከከበሮው፣ ከወገቡም መዘንበል ጋር አስማምቶ ይይዛል፤ ስለዚህም ዕድሜ ልኩን አይጠፋበትም። ግን እዚያው ሌላ ትምህርት አለ። ሊቃውንቱ በዜማና በዝማሜ ብቻ አልተወሰኑም፤ ግሱን ለቅኔ ቤት፣ ምሥጢሩን ለትርጓሜ ቤት ሰጥተውታል። ሰውነት ቃሉን ያኖራል፤ መፍታት ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

«የሀብታም ነገር ነው» ለሚለው ደግሞ አዲስ አበባ መልስ ከሰጠች ቆይታለች። ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ በ1996 እ.ኤ.አ. መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ይዞ በዚህች ከተማ «ካርሚና ቡራና» በተሰኘው የሙዚቃ ሥራ ትልቅ ትርኢት አቀረበ። ከዚያ ጥረት አዱኛ የተሰኘው የዳንስ ቡድን ተወለደ። ከቡድኑ የወጡት ጁነይድ ጀማልና አዲሱ ደምሴ በ2009 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሳድለርስ ዌልስ በተባለው ስመ ጥር መድረክ ላይ ጨፍረዋል። ስለዚህ «ይህ ለእኛ ልጆች አይሆንም» የሚለው ወሬ ከተሸነፈ ዘመን የለውም።

ላምበረት ላይ ይህን ለመሞከር መስታወት ያለው አዳራሽ አያስፈልግም። ባሌት ውስጥ ለመደገፊያ የሚያዘው ብረት ሥራው ሚዛን መጠበቅ ነው፤ የዴስክ ጠርዝ ይበቃል። በሥርዓተ ትምህርቱ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ አለ፣ የክወናና የዕይታ ጥበብም አለ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ከነዚህ መምህራን ጋር ተነጋግሮ በሳምንት አሥር ቃል ቢመርጥ፣ አሥሩም በግቢው ውስጥ በእግር ቢሠሩ፣ ወጪው ስንት ነው? ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ በዚሁ መንገድ ላይ ነው፤ መምህራን የሚያሠለጥን ተቋም ይህን ለመፈተሽ ሩቅ መሄድ የለበትም።

አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል ሃምሳዎቹ ከፊት ያለውን እያዩ መቅዳት ይችላሉ፤ ያኔ የሚሠራው ዓይን ነው፣ ጆሮ አልተማረም። ስለዚህ መምህሩ መጀመሪያ እያሳየ ይናገራል፤ ቀጥሎ ማሳየቱን ትቶ በቃል ብቻ ያዛል፤ ከዚያ ቅደም ተከተሉን ያዘበራርቃል፤ በመጨረሻ ልጆቹን ተራ በተራ አዛዥ ያደርጋል። ያዘዘ ልጅ ተናገረ ማለት ነው። ከዚያም ቃሉ ደብተር ላይ ይጻፋል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት እዚህም ይሠራል። ደብተሩ አይጣልም፤ ተራው ብቻ ይለወጣል፣ መጀመሪያ እግር፣ ኋላ ብዕር።

ሁሉም ቃል አይጨፈርም። «ምንም እንኳ» የሚለውን ማያያዣ በየትኛው ዝላይ ታሳየዋለህ? የባዮሎጂ መጽሐፍ አንብቦ መረዳት፣ ድርሰት መጻፍ፣ በዳንስ አይመጣም። በሰውነት ትምህርት የሚገኘው መሠረቱ ነው፦ ግሱ፣ አቅጣጫው፣ «በፊት» እና «በኋላ»፣ «ከላይ» እና «ከታች»፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የባዕድ ቋንቋ ትእዛዝ ሰምቶ ሳይሸማቀቁ መመለስ። ብዙ ልጆቻችን የተሸነፉት ቃል ስላነሰባቸው ብቻ አይደለም፤ ተሳስተው እንዳይሳቅባቸው አፋቸውን ስለዘጉ ነው። በዳንስ ክፍል ግን ሁሉም ይሳሳታል፤ መምህሯ «እንደገና» ትላለች፣ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ማንም በቀይ እስክሪብቶ አይሰረዝም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንት ቃል አጠናህ?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ቃል አሠሩት። መምህራን ደግሞ ከአርባው ደቂቃ አምስቷን ለእግር ስጡ። አንድ ወር ሞክሩና ከወሩ በኋላ ያንኑ ፈተና ስጡ። ውጤቱ ካልተለወጠ ዘዴውን ተዉት። ከተለወጠ ግን ለጎረቤት ትምህርት ቤት ንገሩ።