ድምፁ ስለጠፋ ብቻ አይጣል

በካሊፎርኒያ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው ሠፈራችን፣ ላፕቶፕ ለአዛውንቶቻችን ከሁሉ በፊት ድምፅ ነው። ቅዳሴውን ይሰሙበታል፤ እዚህ ሲመሽ እዚያ ይነጋልና አገር ቤት ካለ ወንድምና እህት ጋር ያወሩበታል። ታዲያ አንድ ቀን ዝም ሲል ልጆች «በቃ፣ አሮጌ ነው፣ አዲስ እንገዛለን» ይላሉ። እኔ ግን ሳይመረመር የሚጣል ላፕቶፕ ያናድደኛል።

አንዲት እናት ሱቅ ወስደውት «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብለው ነበር። ሳየው ምንም ሳይሰካበት ማያው ላይ የጆሮ ማዳመጫ ምልክት ይታያል። በማዳመጫው ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ መሰኪያው ሲገባ ትገፋና ድምፁ ወደ ስፒከሩ እንዳይሄድ ታደርጋለች። አቧራ ሲይዛት ወይም ተጣብቃ ስትቀር ማሽኑ ማዳመጫው አሁንም ያለ ይመስለዋል። አጥፍቼ መሰኪያውን ደጋግሜ ከተትኩ፣ አወጣሁ፤ በጣሳ በታሸገ አየር ነፋሁበት። መዝሙሩ ተሰማ። ሌላ ምንም አልነበረበትም። ለዚህ ነው እኚህን እናት አዲስ ይግዙ ያሏቸው!

ብዙው ብልሽት ከዚህም ይቀላል። ቅዳሴ በቴሌቪዥን ለማየት በኤችዲኤምአይ ገመድ ተያይዞ የነበረ ላፕቶፕ አንዳንዴ ድምፁን እዚያው መላኩን ይቀጥላል፤ ወይም የልጅ ልጅ ብሉቱዝ ማዳመጫ ይዞታል። የድምፅ ምልክቱን ተጭኖ መውጫውን ወደ ስፒከር መመለስ ነው። ካልሆነ ባለገመድ ማዳመጫ ይሰካ። በማዳመጫው ከተሰማ የድምፅ ቺፑ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ስፒከሩ ወይም ሽቦው ላይ፣ አለዚያም በዚያችው ምላስ ላይ ነው። በሁለቱም ካልተሰማ ኡቡንቱ የተባለውን ስርዓተ ክወና በፍላሽ ይዞ፣ ዲስኩን ሳይነኩ፣ ከፍላሹ ማስነሳት ነው። እዚያ ድምፅ ካለ ጥፋቱ በዊንዶውስ በኩል ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ድራይቨሩ ነው፤ ድራይቨሩን አጥፍቶ ማሽኑን ዘግቶ መክፈት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። እዚያም ዝም ካለ ቺፑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ያኔም ቢሆን በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ የድምፅ ካርድ በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ የቦርዱን ቺፕ ጨርሶ አይፈልግም።

ካሊፎርኒያ የመጠገን መብት ሕግ አላት፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይሠራል። ዋጋቸው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዕቃዎች አምራቹ መለዋወጫና የጥገና መመሪያ ለ7 ዓመት እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ከጁላይ 1 ቀን 2021 ወዲህ ገበያ ለወጡት እንጂ እናቶቻችን ጠረጴዛ ላይ ላለው የ2014 ማሽን አይደርስም። ማይክሮሶፍትም በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ለእነዚህ ማሽኖች የቀረነው እኛው ነን።

እኔ ያደግሁት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አጠገብ ነው። እዚያ ከአሮጌ ጎማ ጫማ፣ ከቆርቆሮ ከሰል ማንደጃ ይሠራል፤ ማንም ዕቃን ሳያገላብጥ አይጥልም። ያ ልማድ አትላንቲክን ሲሻገር ለምን ይቀራል? አሮጌ ዕቃ ይዞ መታየት እዚህ አገር የሚያሳፍር የሚመስላቸው አሉ። አያሳፍርም።

ስለዚህ አብያተ ክርስቲያናቱ፣ መስጊዶቹና ማኅበሮቻችን በወር አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛ ይዘርጉ። የሚሠራ ማዳመጫ፣ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ፣ አንድ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ፣ አንድ ጣሳ አየር ይበቃል። ኮምፒውተር የሚያጠኑ ልጆቻችን ይቀመጡበት፤ እኔም አብሬያቸው እቀመጣለሁ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ላፕቶፑ ሲከፈት ባለቤቱ ከአጠገቡ አይነሡ፤ የባንክ ወረቀቱም የሟች ባል ፎቶም እዚያው ውስጥ ነውና።