ወርቅ በሚዛን፣ ስኳር በግምት?

የአራዳ ልጅ በሚዛን አይሸወድም ይባላል። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ ቀለበት የሚሸጥ ሰው ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አይነቅልም። ከተጠራጠረም «እስቲ ድገመው» ይላል። ያው ሰው የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ግን ስለ ደሙ የተጻፈለትን ቁጥር ተቀብሎ ዝም ብሎ ይወጣል።

ከሐኪም ቀጠሮ በፊት ያሉትን ቀናት ብዙ ቤተሰብ ያውቃቸዋል። ማኪያቶው ያለ ስኳር ይታዘዛል፣ ኬኩ ይቀራል። በቀጠሮው ጠዋት በባዶ ሆድ ሲለካ ቁጥሩ ያምራል፣ ሐኪሙም «በርታ» ይላል። ከሰዓት በኋላ የተለመደው ኑሮ ይመለሳል። ሰውዬው አራዳ የሆነ መስሎት የሸወደው ራሱን ነው። የባዶ ሆድ ምርመራ የሚናገረው የዚያን ጠዋት ስኳር ነው፤ ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን የሚጎዳው ግን ለወራትና ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየው ነው።

የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ፣ ማለትም ኤችቢኤዋንሲ፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ደም ውስጥ ያለው ስኳር ሄሞግሎቢን በተባለው ፕሮቲን ላይ ይጣበቃል። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር፣ የተጣበቀው ስኳር ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ይመሰክራል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ምርመራው የስኳር ሕመምን ለመለየት እንዲያገለግል ተቀብሎታል፤ መነሻው 6.5 በመቶ ነው።

ታዲያ ይህን የሚለካው መሣሪያ ራሱ ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል? ከጀርባው ማስ ስፔክትሮሜትር የሚባል የሞለኪውል ሚዛን አለ። በዓለም ላይ ያሉ ጥቂት ማጣቀሻ ላቦራቶሪዎች የሄሞግሎቢኑን ጫፍ በኢንዛይም ቆርጠው ይመዝናሉ። ስኳር የተጣበቀበት ቁራጭ ካልተጣበቀበት በ162 ዳልተን ይከብዳል፤ ዳልተን የአንድ ሃይድሮጅን አቶም ክብደት ያህል ነው። የሁለቱ ድርሻ ይሰላል፣ የሌሎች መሣሪያዎች ልክም በዚህ ይስተካከላል።

ማስ ስፔክትሮሜትር በየጤና ጣቢያው ይተከል የሚል የለም። ጥያቄው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሦስት ወሩ ምርመራ አቅም ላለው ብቻ የሚደርስ አይሁን፤ በመንግሥት ጤና ተቋማትም በሚቻል ዋጋ ይገኝ። ሁለተኛ፣ የሚሠራው ላቦራቶሪ ሁሉ መሣሪያውን በየጊዜው ያስፈትሽ። ወባ ወይም የደም መፍሰስ ቁጥሩን ሊያወርደው፣ የብረት እጥረት ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል፣ ውጤቱን የሚያነበው ሐኪምም ስለ እነዚህ ይጠይቅ።

«ወጪው ይከብዳል» የሚል አይጠፋም። የኩላሊት እጥበት ግን ከዚህ እጅግ ይከብዳል፤ እሱን ደግሞ አብዛኛው ቤተሰብ የሚከፍለው ከኪሱ ነው።

ሕመምተኛውም በሚቀጥለው ቀጠሮ «የሦስት ወሩስ?» ብሎ ይጠይቅ። ለቀለበቱ ግራም የሚከራከር ሰው ለኩላሊቱ መከራከር አያሳፍረውም።