የአካባቢ ልማት ማኅበራት የገቢ ማስገኛ ሥራና የሕጉ ወሰን

በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን የልማት ማኅበር ገቢ ማስገኘት የሚችለው ከዓላማው ጋር ተያያዥ በሆነ ሥራ ብቻ ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ግን የንግድና የኢንቨስትመንት ሕጎች ተከብረው በማናቸውም ሕጋዊ የንግድ ሥራ መሰማራትን ፈቅዷል። ለውጡ ቀላል አይደለም፤ ወፍጮ የተከለ ወይም አዳራሽ የሚያከራይ ማኅበር የወጣቶች ሥልጠናውን የለጋሽ እጅ ሳይጠብቅ ሊሸፍን ይችላል።

ይሁን እንጂ ፈቃዱ ትርፍ የመከፋፈል ፈቃድ አይደለም። ገንዘብ አዋጥተው ማኅበር የሚመሠርቱ ሰዎች በቅድሚያ ሊረዱት የሚገባው ይህንን ነው፤ ገቢው ለማኅበሩ ዓላማና ለአስተዳደር ወጪ ይውላል እንጂ ለአባላት አይተላለፍም። የአስተዳደር ወጪውም ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ለንግድ ሥራው የተለየ የባንክ ሒሳብና መዝገብ ይያዛል፤ ግብርም ይከፈላል። ዕጣ ገዝቶ የትርፍ ክፍያ ማግኘት የሚሻ ዜጋ የሚያመራው በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ወደሚተዳደረው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው።

የምዝገባው ቦታ የሚወሰነው በሥራው ስፋት ነው። የፌዴራሉ አዋጅ ከአገር በቀል ድርጅቶች የሚመለከተው በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች የሚሠሩትን ወይም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የተቋቋሙትን ነው፤ እነዚህ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያመለክታሉ። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው አምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ ተቋቁሞ ሥራው ከኦሮሚያ የማያልፍ ማኅበር ግን የሚመዘገበው በክልሉ ሕግ መሠረት በክልሉ አካል ዘንድ ነው።