ጌሙ ውስጥ ያለው መቅደስ ማንን ይባርካል?

ቅዳሜ ልጆቻችሁን ልትወስዱ ስትመጡ በር ላይ ከምትጠይቁኝ ነገር የሚበዛው የፊደል ወይም የንባብ ጉዳይ አይደለም። «ልጄ በሚጫወተው ጌም ውስጥ ሰይጣን አይቻለሁ፣ ጣዖት የመሰለ ነገርም አለ፤ ልከልክለው ወይስ ዝም ልበል?» የሚለው ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም ይኼንኑ ይጠይቀኛል። እኔ የሃይማኖት አስተማሪ አይደለሁም፤ ትምህርት ቤታችንም የሚያስተምረው ቋንቋ ነው። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጌም እጫወታለሁ፣ ዛሬም አልተውኩም፤ እናም የበር ላይ መልሴ ሁልጊዜ በሁለት ደቂቃ ስለሚቋረጥ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

በእኔ አስተያየት አብዛኞቻችን የምናየው ሥዕሉን ነው። ቀንድ ያለው ነገር ካየን እንደነግጣለን፣ ካላየን እናልፋለን። ልጁን ቀስ ብሎ የሚያስተምረው ግን ከሥዕሉ ይልቅ የጌሙ ደንብ ነው። ማለቴ፣ ምን ስታደርግ ይሸልምሃል? ምን ስታደርግ ያስከፍልሃል? የሚለው።

የማወራው ሮል ፕሌይንግ ጌም ስለሚባሉት ነው። ልጁ አንድ ሰው ይሆናል፤ ተዋጊ፣ ጠንቋይ፣ ካህን ወይም ሌባ። ስም ያወጣለታል፣ ከመንደር መንደር እየዞረ ሥራ ይቀበላል፣ ይዋጋል፣ ነጥብ ይሰበስባል፣ እያደር ይጠነክራል። አንዱን ለመጨረስ መቶ ሰዓት የሚፈጅ አለ። በነዚህ ጌሞች ውስጥ መቅደስና ካህን የማይገኝበት ብርቅ ነው። ሠሪዎቹ ልጆቻችንን ከእምነታቸው ሊያስወጡ አስበው አይመስለኝም። ተጫዋቹ ሲቆስል የሚድንበት፣ ጨዋታውን አቁሞ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያስፈልጋል፤ ቤተ መቅደስ ደግሞ ምን እንደሚሠራበት ማንም ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። በቃ፣ አመቺ ነው።

ሥዕሉን መቀየር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከድሮ አንድ ምሳሌ ላምጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ድራገን ኩዌስት የሚባለው የጃፓን ጌም የመጀመሪያው ክፍል የወጣው በ1986 ነው። በተከታዮቹ ክፍሎች ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጓደኛህ በውጊያ ሲሞት ሬሳ ሳጥኑ ከኋላህ እየተከተለህ ወደዚያ ትሄዳለህ፣ ለካህኑ ወርቅ ትከፍላለህ፣ ጓደኛህ ይነሣል። ጌሙ ድራገን ዋሪየር ተብሎ አሜሪካ በገባበት ዘመን የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ የሃይማኖት ምልክት በጌሞቹ ላይ እንዲታይ አይፈልግም ነበር። ስለዚህ መስቀሉ ተነሣ፣ ቤተ ክርስቲያኑ «የፈውስ ቤት» ሆነ፣ ሬሳ ሳጥኑም በሚንሳፈፍ መንፈስ ተተካ። ፋይናል ፋንታሲ የሚባለውም ላይ እንደዚሁ ነው፤ «ቅዱስ» የሚል ስም የነበረው አስማት በ1994 በወጣው የእንግሊዝኛ ቅጂ «ዕንቁ» ተባለ። ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለው በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት፣ የነዚህ ሁሉ አባት የሆነው ጨዋታ ደግሞ በ1980ዎቹ የአሜሪካ ወላጆች ብዙ ጮኸውበት ነበር፤ በ1989 መውጣት በጀመረው ሁለተኛው እትሙ ውስጥ አጋንንቱ ማንም የማያውቀው የፈጠራ ስም ወጣላቸው። አጋንንቱ ግን እዚያው ናቸው።

እንግዲህ አስቡት። ወላጅ የሚቆጣበት ነገር ሁሉ ከድራገን ዋሪየር ተለቅሞ ወጣ። ሙት ለማስነሣት ወርቅ መክፈል ግን እንዳለ ቀረ! እኔን ቢጠይቁኝ ከመስቀሉ ይልቅ ጥያቄ የሚያስነሣው እሱ ነበር።

አሁን ወደ ልጆቻችሁ እንምጣ። ባለፈው ሴሚስተር ከፍ ያሉትን ተማሪዎች «በረከት» በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ አልኳቸው። ሦስቱ ስለ አጎታቸው ልጅ ጻፉ፣ ስሙ በረከት ስለሆነ። አንዷ ስለ አያቷ እንጀራ ጻፈች። አንዱ ግን እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ በረከት ስምንት ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ድጋሚ መንካት አለብህ» አለኝ። ሳቅን። ከየት እንዳመጣው ግን ወዲያው ገባኝ፤ ከስካይሪም ነው። በ2011 በወጣው በዚህ ጌም በየቦታው የአማልክት መሠዊያ አለ። ስትነካው በሽታህ ይድናል፣ ለስምንት ሰዓትም ተጨማሪ ኃይል ይሰጥሃል። የጌሙ ሰዓት ነው እንግዲህ፣ የእኛ አይደለም። ሰው ገድለህ፣ ቤት ዘርፈህ በዚያው እጅህ ብትነካውም ይባርክሃል። ምንም አይጠይቅህም።

የሚገርመው የዚሁ ድርጅት ቀዳሚ ጌም እንዲህ አልነበረም። ኦብሊቪየን በ2006 ሲወጣ የተጫዋቹን መልካም ስምና ክፉ ስም ለየብቻ ይቆጥር ነበር። ክፉው ከበለጠ መሠዊያው አይባርክህም፤ ይመልስሃል። በዚያው ዓመት በመጣው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ ተጫዋቹ በየዱሩ ያሉትን የዘጠኙን አማልክት የመንገድ መቅደሶች አንድ በአንድ ከተሳለመ ክፉ ስሙ ይሰረዝለታል። ሥዕሉን ካያችሁ ሁለቱ ጌሞች አንድ ናቸው፤ ያው የፈጠራ አማልክት፣ ያው ድንጋይ። ደንቡን ካያችሁ ግን በአንደኛው በረከት ከምግባር ጋር ይያያዛል፣ በሌላው እንደ ሶዳ ማሽን ቁልፍ ተጭነህ የምትወስደው ነው። ለምን ቀየሩት? ይመስለኛል ተጫዋች መከልከል ስለማይወድ ነው። እንደ ሠሪ እረዳቸዋለሁ፣ እንደ አስተማሪ ግን የቀድሞው ይሻለኝ ነበር።

ልጁ ሞኝ ስለሆነ አይደለም እንደዚያ ያለው። «በረከት» የሚለውን ቃል እኛ ስልክ ላይ ከእማማ ጋር ስናወራ ይሰማል፤ ቃሉ ሥራ ሲሠራ ያየው ግን ጌሙ ውስጥ ነው። ንስሐ፣ ተውበት፣ ስለት፣ ሰደቃ፣ ምጽዋት፣ ምርቃት፣ እነዚህን ሁሉ ቃላት ልጆቻችን በጆሮ ያውቋቸዋል። ትርጉማቸውን ግን አንድ ሌላ ነገር እየሞላው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፣ ቀንድ ያለው ሥዕል አይደለም።

ንስሐን ውሰዱ። በ2023 የወጣውና በጣም የተወደደው ባልደርስ ጌት 3 ውስጥ ፓላዲን የሚባል ባለ መሐላ ተዋጊ አለ። መሐላውን ከጣሰ ኃይሉ ይለወጣል። እስከዚህ ድረስ ደንቡ ጥሩ ነው፤ ቃል ኪዳን ማፍረስ ዋጋ አለው ይላል። ከዚያ ግን ጥሩር የለበሰ አንድ ተዋጊ ሰፈርህ ድረስ ይመጣል፣ 1000 የወርቅ ሳንቲም ስትከፍለው መሐላህን ይመልስልሃል። አለቀ። (ይኼ ጌም ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ እርቃንም፣ ደምም አለበት፣ ሽፋኑ ላይ 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ይላል። ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች እንደሚጫወቱት ከራሳቸው ሰምቻለሁ።) ሽፋኑ ላይ ያለው ፊደል ስለ ደምና ስለ ስድብ ይነግራችኋል እንጂ ስለዚህ ዓይነቱ ነገር አይነግራችሁም።

በአንጻሩ አንደርቴል አለ፤ በ2015 ቶቢ ፎክስ የሚባል ሰው አብዛኛውን ብቻውን የሠራው፣ ሥዕሉ የልጅ ሥዕል የሚመስል ጌም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንንም ሳትገድል መጨረስ ትችላለህ። በሌሎች ጌሞች «የልምድ ነጥብ» የሚባለው እዚህ መጨረሻ ላይ «የግድያ ነጥብ» መሆኑ ይነገርሃል። ሁሉንም ገድለህ ጨርሰህ፣ ከዚያ ተጸጽተህ ከሀ ብትጀምርና ደግ ሆነህ ብትጨርስ እንኳ ጌሙ አይረሳም፤ መልካሙ ፍጻሜ ላይ ያለፈው ይመጣብሃል። ስለ ንስሐ የሚለው ከእኛ ቤት ትምህርት ጋር ይስማማል ወይ? የኔ መልስ አይስማማም ነው፤ ይቅርታ የሌለበት ንስሐ ነው። ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር ቁጭ ብሎ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል?

እኔ ከሁሉም የምወደው ግን አሮጌ ነው። ሪቻርድ ጋሪዮት የሚባል አሜሪካዊ በ1985 አልቲማ 4ን አወጣ። ከዚያ በፊት በሠራው ጌም ሽፋን ላይ ሰይጣን ነበረበትና ከወላጆች የቁጣ ደብዳቤ እንደደረሰው ራሱ ተናግሯል። ተጫዋቾችም ሱቅ እየዘረፉና መንገደኛ እየገደሉ እንደሚያሸንፉ ታዝቧል። ሽፋኑን ብቻ ቀይሮ ማለፍ ይችል ነበር። እሱ ግን ደንቡን ቀየረ። በአዲሱ ጌም የሚገደል ዋና ጠላት የለም። ዓላማው በስምንት ምግባሮች ማደግ ነው፤ ሐቀኝነት፣ ርኅራኄ፣ ጀግንነት፣ ፍትሕ፣ መሥዋዕትነት፣ ክብር፣ መንፈሳዊነት፣ ትሕትና። ለለማኝ መስጠት ይቆጠራል። ሐኪም ቤት ደም መለገስ ይቆጠራል። ነጥቡ ግን አይታይም! የት እንደደረስክ ለማወቅ ቤተ መንግሥት ሄደህ አንድ ባለ ራእይ መጠየቅ አለብህ።

በዚያ ጌም ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና ሌላም የመድኃኒት ቅመም የሚሸጡ ዓይነ ስውር ነጋዴዎች አሉ። ዋጋውን ይነግሩሃል፣ አንተ የምትከፍለውን ራስህ ትጽፋለህ። አሳንሰህ ብትከፍል አያዩህም። ማንም አይጮኽም፣ ዘበኛ አይመጣም፣ ስክሪኑ ላይ ምንም አይወጣም። ቅመምህን ይዘህ ትሄዳለህ። ከብዙ ቀን በኋላ የሐቀኝነት መቅደስ ደርሰህ ስትጸልይ መቅደሱ አይቀበልህም፤ ለምን እንደሆነ አስበህ መድረስ ያንተ ሥራ ነው።

ይኼ እኮ ጡር ነው! ሰውየው ቃሉን አያውቀውም፤ ነገሩን ግን በኮምፒውተር ሠርቶታል። ለልጆቹ «ጡር»ን ለማስረዳት ሦስት ዓመት ሞክሬያለሁ። በእንግሊዝኛ የሚቀርበው ቃል ያሉት ሁሉ አይበቃም፤ አቅም የሌለውን ስትበድል የሚከተልህ መሆኑን አይናገርም። የዓይነ ስውሩን ነጋዴ ታሪክ የነገርኳቸው ቀን ግን አንዷ ልጅ «ለዚህ ነው አያቴ ድመቷን አትምቺ፣ ጡር አለው የምትለኝ?» አለች። አዎ፣ ለዚህ ነው።

አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ በዚህ ሐሳብ አትስማማም። «ሥዕሉም ያስተምራል» ትላለች፤ «የአጋንንት ስም ሲጠራ የሚዋል ልጅ ነገሩ ይለመደዋል።» አባባሏን አላጣጥለውም። እኔም የምከለክለው አለ። ስካይሪም ውስጥ አንድ ተልእኮ አብሮህ የሚጓዝ፣ የሚያምንህን ጓደኛ ወደ መሠዊያ አታለህ ወስደህ እንድታርደው ይጠይቅሃል፤ ከታዘዝክ በኋላም ሽልማቱ ጥሩር ነው። እዚያ ላይ ሥዕሉም ደንቡም አንድ ቃል ይናገራሉና ለልጅ አይሆንም። ቤተሰብ በእምነቱ ምክንያት ከዚህ ያነሰውንም ቢከለክል መብቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አይገባበትም። የምለምነው ስትከለክሉ ምክንያቱን በአማርኛ እንድትነግሩት ብቻ ነው። «አይቻልም!» ብቻ ከሆነ ልጁ የሚማረው አንድ ቃል ነው፣ እሱንም ድሮ ያውቀዋል።

ዓይነቱ የተለየ ቢሆንም ሲቪላይዜሽን 6ንም ልጥቀስ፤ ብዙዎቻችሁ ልጆቹ ሲኮሩበት አይታችኋልና። በ2020 ኢትዮጵያ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ገባችበት፤ ልጁ ኮረብታ ላይ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ያሠራል። ደስ ይላል፣ እኔም ደስ ብሎኛል። እዚያ ግን «እምነት» የሚጠራቀምና ሚሲዮናዊ የሚገዛበት ገንዘብ ነው። ላሊበላን ጎረቤት ስላዩት ብቻ ነገሩ ተፈትሿል ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሃያ ደቂቃ አጠገቡ ተቀመጡ። ስለ ጌም ምንም ባታውቁ ይመረጣል፤ ልጁ አስተማሪ ሲሆን አማርኛው ይፈታል። ጠይቁት፦ ይኼ መቅደስ ለሌባም ይሠራል? ገንዘብ የሌለው ሰው ቢመጣስ? ካህኑ ክፉ ከሆነ ማን ይናገረዋል? ያጠፋ ሰው እንዴት ይመለሳል? ቃሉ ሲጠፋበት አቀብሉት፤ በእንግሊዝኛ ከመለሰም አትቆጡ፣ እናንተ በአማርኛ ድገሙለት።

ከ11 ዓመት በላይ ላሉት ተማሪዎች የሚቀጥለው ሳምንት የቤት ሥራም ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ቦርሳቸው ውስጥ አለ። እያንዳንዱ ልጅ ለራሱ ጌም አንድ መቅደስ ይፈጥርና ደንቡን በስምንት መስመር በአማርኛ ይጽፋል። ማን ይገባል፣ ማን ይመለሳል፣ የተመለሰው ምን ቢያደርግ ይገባል። «ንስሐ» ወይም «ተውበት»፣ በቤታችሁ እንደምትሉት፣ እና «ጡር» የሚሉት ቃላት የግድ መግባት አለባቸው። አያት ያላችሁ ስልክ ደውሉላቸው፤ ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።