ክብሪቱ መጨረሻ ይምጣ



ምናልባት በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ባለሙያ ነዎት። ምናልባት የአርብቶ አደር ልጅ ሆነው ትምህርት ወደ ከተማ ያመጣዎ ሰው ነዎት፤ አለዚያም በየካቲት ሐሩር በመኪና ሲያልፉ የሚጨስ ሜዳ አይተው «ይህን ያደረገ ማን ነው?» ብለው የተቆጡ መንገደኛ። ማንም ይሁኑ፣ አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎ። የግጦሽ መሬት ላይ እሳት ሲለኮስ እኔን የሚያስፈራኝ መለኮሱ ሳይሆን ለኩሶ መሸሹ ነው። እሳትን በጅምላ ስንከለክል ደግሞ የሚሸሸውን ሰው አበዛን።

ነገሩ በቦረና ጎልቶ ይታያል። የቦረና ከብት አርቢ ረጅሙ በጋ ሊያልቅ፣ የመጋቢት ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ያረጀ ሣር የተከመረበትን ሜዳ እየመረጠ ያቃጥል ነበር። ያረጀ ሣር አገዳው ደርቆ ከብት አይበላውም፤ ከሥሩ የሚወጣውን ቡቃያም ፀሐይ ይነሳዋል። እሳቱ ያንን ያነሳል፣ መዥገሩን ይቀንሳል፤ ከሁሉም በላይ ገና ጉልበት ያላገኘውን የእሾሃማ ግራር ችግኝ ይቀጫል። ሜዳው ሜዳ ሆኖ የኖረው በዝናብና በከብት ብቻ አይደለም፤ እሳትም ድርሻ ነበረው። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ደርግ ሥልጣን በያዘ ሰሞን፣ ማቃጠል ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ ቁጥቋጦው እየገፋ መጣ። አያና አንጋሳና ጉፉ ኦባ የተባሉ ተመራማሪዎች አርብቶ አደሮቹን ጠይቀው እንደጻፉት፣ ቦረናዎቹ ለዚህ ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የእሳት ክልከላ ነው። ብቸኛው ምክንያት እንዳልሆነ አልክድም፤ የእርሻ መስፋፋቱ፣ የግጦሹ መታጠር፣ በጠበበ ቦታ ላይ የከብቱ መበርከት አብረው ሠርተዋል። ዛሬ ግን ትናንት ላም ተኝታ ታመነዥክበት በነበረው ሜዳ ላይ ሰው እሾህ እየገለጠ ጥጃ ይፈልጋል።

ሕግ የሚፈራ እረኛ እሳት እንዴት እንደሚለኩስ እስኪ ያስቡት። ጎረቤት አይጠራም፤ ሰው በበዛ ቁጥር ምስክር ይበዛል። መስመር አይጠርግም፤ የተጠረገ መስመር ሆን ተብሎ መደረጉን ያሳብቃል። ሰዓቱንም የሚመርጠው ነፋሱን አይቶ ሳይሆን ማንም እንደማያየው አረጋግጦ ነው። ለኩሶ ኮረብታውን ይሻገራል። ማታ ነፋሱ ሲዞር እዚያ የሚቆም ሰው የለም። ይኸው እረኛ ፈቃድና ጎረቤት ቢኖረው ኖሮ እሳቱን ከማናችንም በተሻለ ይዞት ያድር ነበር። በባሌ ተራሮች አስታ በሚበቅልበት ከፍታ ላይ ማሪያ ዮሐንሶን የተባሉ ስዊድናዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ያዩት ይህን ያጠናክራል፦ እረኞቹ በየተራ ቆራርጠው ያቃጠሉት ቦታ ለዓመታት ዳግም እሳት አይዝም፤ ስለዚህ የሚቀጥለው ቃጠሎ እዚያ ሲደርስ በራሱ ይቆማል። ይህ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ፍርሃትዎን ግን አላቃልልም። በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደኖች ሲነዱ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ሳይቀር ባለሙያ መጥቷል፤ በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ደግሞ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰውልናል። ደንና ፓርክ የግጦሽ ሜዳ አይደሉም፤ በዚህ ደብዳቤ የምለው ሁሉ እነሱን አይመለከትም። ሜዳው ከደን ጋር የሚዋሰን ከሆነ፣ የኔ ምክር በዚያ በኩል ጨርሶ አለመለኮስ ነው።

ፈቃዱ ተገኘ እንበል። ሥራው የሚጀምረው ከክብሪቱ ብዙ ወር ቀደም ብሎ ነው። የሚቃጠለው ቦታ ቢያንስ አንድ የዝናብ ወቅት ከከብት ማረፍ አለበት፤ ሣር ካልተጠራቀመ እሳቱ እዚህም እዚያም እየተቆራረጠ ይሞታል፣ ቁጥቋጦውንም አይነካውም። በደቡብ አፍሪካ ፎርት ሄር ዩኒቨርሲቲ የሜዳ እሳትን ለረጅም ዘመን ያጠኑት ዊንስተን ትሮሎፕ፣ ዓላማው ቁጥቋጦ መቀነስ ከሆነ በሄክታር ከ4,000 ኪሎ ግራም ያላነሰ ደረቅ ሣር፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከ30 በመቶ በታች የአየር እርጥበት እንዲኖር ይመክራሉ። ያረጀ ሣር ለማንሳት ብቻ ከሆነ ግን ከ20 ዲግሪ በታች፣ እርጥበቱም ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን ነው የሚሻለው። ነፋሱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም። እኔ የምጨምረው ቢኖር፣ ልምዱ የተቋረጠበት አካባቢ በቀዝቃዛው ቃጠሎ ይጀምር። ቁጥቋጦው ብዙ ባይጎዳም ሰዎቹ ይሠለጥናሉ፤ ኃይለኛው እሳት እጅ ያፍታቱ ሰዎች ሲኖሩ ይደርሳል።

ቀጥሎ ዙሪያው ነው። መኪና መንገድ፣ የከብት መሄጃ ወይም የደረቀ ወንዝ አሸዋ ካለ ብዙ ድካም ቀርቷል። በሌለበት ሣሩ ታጭዶ፣ መሬቱ እስከ አፈሩ ተፍቆ መስመር ይወጣለታል። ያ ባዶ መስመር ብቻውን ግን እሳት አያቆምም፤ ፍንጣሪ ይዘለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለኮሰው ነፋሱ በሚሄድበት ጫፍ፣ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ነው። እሳቱ ነፋሱን እየተጋፋ በዝግታ ይበላል፤ ነበልባሉ አጭር ስለሚሆን ሰው አጠገቡ ቆሞ ይቆጣጠረዋል። ያ ጫፍ ብዙ ርምጃ ወደ ውስጥ ከጠቆረ በኋላ ሁለቱ ጎኖች በተራቸው ይጠቁራሉ። ነፋሱ የሚመጣበት አራተኛው ጎን የሚለኮሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያኔ እሳቱ ቢሮጥ የሚሮጠው ወደ ጥቁር መሬት ነው።

ብዙ ሰው በዝግታ የሚሄድ እሳት ለሣሩ የሚራራ ይመስለዋል። ግን አይደለም። ነፋስ እየተጋፋ የሚያዘግመው እሳት ሙቀቱን መሬት ለመሬት፣ ልክ ቡቃያው በሚወጣበት አንጓ ላይ ያሳርፋል። ከነፋስ ጋር የሚሮጠው ግን ሙቀቱ ከፍ ብሎ የቁጥቋጦውን ቅጠልና ቅርንጫፍ ይመታል፤ ሣሩን ፈጥኖ አልፎት ይሄዳል። ዝግተኛው እሳት ለዳር መከላከያ ይበጃል፤ መሐሉ ለፈጣኑ መተው አለበት። ዳገት ካለ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል፦ መሬቱ በ10 ዲግሪ ሽቅብ ባለ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ገደል አፋፍ ላይ ሰው አይቁም።

በዕለቱ አዛዡ አንድ ይሁን፤ ሁለት ሰው ካዘዘ አንዱ ሳያውቅ ሌላው ይለኩሳል። አጎራባች ቀበሌዎች ቀድመው ይስሙ፣ ውኃ በጀሪካን ተሞልቶ አህያ ላይ ይጠብቅ፣ ልጆች አይምጡ። ልብሱ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን ሲሞቅ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ከመጀመሩ በፊት ጥግ ላይ ትንሽ ሣር ተለኩሶ ጭሱና ነበልባሉ ወዴት እንደሚያዘነብሉ ይታይ። ካልተመቸ ሁሉም ወደ ቤቱ ይመለስ፤ ያን ቀን መመለስ ሽንፈት አይደለም። ነፋሱ መሐል ላይ ቢዞር ደግሞ መሸሻው የተቃጠለው ጥቁር መሬት ነው፤ ሰው ደንግጦ ወዳልተቃጠለው ሣር እንዳይሮጥ ይህ አስቀድሞ ደጋግሞ ይነገረው።

ቅጠላም ቅርንጫፍ ይዞ እሳት የሚያጠፋ ሰውም የሚማረው አለ። ቅርንጫፉን ከራስ በላይ አንስቶ የሚመታ ሰው ፍሙን ወደ ደረቁ ሣር ይበትነዋል። የለመደው ሰው ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጎ ነበልባሉ ላይ ይጫነውና ወደ ተቃጠለው በኩል ይጠርገዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዞር ብሎ ያለፈበትን ያያል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ሰዓት ደረስን። ነበልባሉ ወድቋል፣ ጭሱ ሳስቷል፣ ሰው ተርቧል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው። በዚያ ሰዓት የደረቀ የከብት እበት ውስጥ ውስጡን ይጨሳል። ከላይ ሲያዩት አመድ ነው፤ በዱላ ሲገለብጡት ሆዱ ቀይ ነው። የወደቀ ግንድና ጉቶም እንዲሁ ነው፤ በማግሥቱ ከሰዓት፣ ነፋሱ ሲነሳ፣ ፍንጣሪ ወደ መስመሩ ማዶ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ከመስመሩ አጠገብ ያለው እበትና ግንድ ሁሉ ተገልብጦ ወደ መሐል ይገፋ፣ አፈር ይልበስ፣ በእጅ ጀርባ ቀርበው ሙቀቱን ይለኩት። ቢያንስ አንድ ሌሊትና የማግሥቱን ቀን የሚጠብቅ ሰው በስም ይመደብ።

የድርቅ ዓመት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ይቅር። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉና የቦረና ከብት ሲያልቅ፣ የቆመ ሣር ሁሉ ነፍስ ነበር። ዝናቡ መምጣቱ በሚያጠራጥርበት ዓመት ደረቅ ሣር ማቃጠል የከብትን የመጨረሻ ጉርሻ መንጠቅ ነው። ስለ እሳት ጥቅም የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን አጉልቶ ቢናገር ደስ ይለኛል።

ከቃጠሎው በኋላ ዝናብ ሲጥል ሜዳው በጥቂት ቀናት ይለመልማል፤ ከብቱም ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። ቡቃያው ግን የሚያድገው ከሥሩ ስንቅ ነው፤ ገና ሳይጠና ከተነጨ ሣሩ ይሳሳል፣ እሾሁ ቦታውን ይወስዳል። ላሞቹ ይቆዩ። ፍየሎች ግን ወደ ቁጥቋጦው ቢገቡ መልካም ነው። ቦረናዎች ፉሌንሳ የሚሉት፣ በእሾሁ ሥር ባበጠው ኳስ ውስጥ ጉንዳን የሚያኖረው ግራር፣ እሳት ከላይ ቢያደርቀውም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ያን ለስላሳ ቅጠል ፍየል እየደጋገመ ካልቀነጠበው በጥቂት ዓመት ተመልሶ ይቆማል።

ስለዚህ የማቃጠል ጥያቄ ጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ፣ «አይቻልም» ከማለትዎ በፊት ሌሊቱን ማን እንደሚያድር ይጠይቁ። ስሞቹ ከተነገሩዎ ሜዳው ድረስ ሄደው መስመሩን በእግርዎ ይዙሩት። ስም ካልተነገረዎ ወይም መስመሩ ካልተጠረገ ይከልክሉ፤ ያኔ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ።